የገደል ማሚቶ ተቀባይ አይሆንም

ገደል ፊት ቆሞ የተጣራ ሰው መልስ ሳያገኝ አይቀርም፤ የሚያገኘው መልስ ግን የራሱ ቃል ነው። «ማነህ?» ቢል «ማነህ?» ይባላል እንጂ ስሙን የሚነግረው የለም። አማርኛ ተናጋሪው ይህን ድምፅ የገደል ማሚቶ ብሎ ሰየመው። የራሱ አሳብ የሌለውን፣ የሰማውን ብቻ የሚደግመውን ሰው በዚያው ስም መጥራቱም ያለ ምክንያት አይደለም።

እነሆ ዛሬ የገደል ማሚቶ መዳፍ በምታክል የብረት ሣጥን ታሽጎ ይሸጣል። ሣጥኑ ፔዳል ይባላል። በቦክስ ጊታርና በድምፅ ማጉያ መካከል በሽቦ ይሰካል፤ በእግር ይረገጣል፤ የጊታሩን ድምፅ ያስተጋባል፣ ያወፍራል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ደግሞም ይዞ ይደግማል። በክራር ላይም እንደዚሁ ይሠራል። ይህን መሣሪያ በሚመለከት በኪነት ሰዎች ዘንድ ሁለት ዐይነት አስተያየት ይደመጣል። አንደኛው ወገን «ባህል ተበረዘ» እያለ ሣጥኑን ከመድረክ ለማባረር ይሻል። ሁለተኛው ወገን «ዘመን ነው» እያለ ሁሉን ነገር በሣጥኑ ለማሠራት ይሻል። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ የሁለተኛው ስሕተት ግን ሰው የሚያስከፍል ስሕተት ነው።

ነገሩን በዐይን ለማየት አንድ አዳራሽ ይታሰብ። ቦታው ዲላ ይሁን። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ የምትገኘው ይህች የቡና ከተማ የጌዴኦ ዞን መቀመጫ ናት። መጋረጃው ሲገለጥ አንድ ወጣት ቦክስ ጊታሩን ታቅፎ በወንበር ላይ ይታያል። ከእግሩ ሥር ሦስት አራት ሣጥኖች ተደርድረዋል። ጥቂት ምት ይመታና አንዱን ይረግጣል፤ ሣጥኑ የሰማውን ይዞ መደጋገም ይጀምራል። በዚያ ላይ የጊታሩን ሆድ በመዳፉ ይደበድባል፤ ይረግጣል፤ ከበሮ ተገኘ። በዚያ ላይ የተቀባዮቹን ድርሻ ራሱ ያዜማል፤ ይረግጣል፤ ተቀባይ ተገኘ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አንዱ ሰው አሥር ሰው ይሆናል። ተመልካቹ ያጨበጭባል። ቀድሞ ከአቀንቃኙ ጀርባ በግማሽ ክብ ይቆሙ የነበሩት ሴቶችና ወንዶች ግን በመድረኩ ላይ የሉም። ማንም አላባረራቸውም። አላስፈለጉም ብቻ ተባሉ።

ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ አስቀድሞ ግን የመጀመሪያው ወገን፣ የባህል ጠባቂ ነኝ ባዩ፣ መልስ ሊሰጠው ይገባል።

ይህ ወገን ፔዳሉን የሚነቅፈው ባዕድ ነው፣ የድምፅን ተፈጥሮ ይለውጣል በማለት ነው። ባዕድነት ወንጀል ከሆነ ቦክስ ጊታሩ ራሱ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። የክራር አውታር ድሮ ከጅማትና ከአንጀት ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ናይለን ወይም ብረት ሆኗል፤ ክራር ግን ክራርነቱን አልካደም። የድምፅን ተፈጥሮ መለወጥም ቢሆን ከውጭ የተማርነው ጥበብ ነው ለማለት አይቻልም። በገና ይመስክር። በገና 10 አውታር አለው፤ በእያንዳንዱ አውታርና በመቋሚያው መካከል እንዚራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ይገባል። ደርዳሪው ይህን ቆዳ ወደዚህና ወደዚያ እያለ የሚያስተካክለው አውታሩ ጠርቶ እንዲሰማ አይደለም፤ እንዲነዝርና እንዲያጉረመርም ነው። ያ የሚያንቀጠቅጥ ጥልቅ ድምፅ፣ በዐቢይ ጾም የሰሚውን ልብ የሚሰብረው ድምፅ፣ በዚህች ቁራጭ ቆዳ የሚገኝ ነው። ይህ ኢፌክት ካልሆነ ምን ይባላል? ልዩነቱ የበገናው ኢፌክት በበገናው አካል ውስጥ መኖሩና ኤሌክትሪክ አለመፈለጉ ብቻ ነው።

ከዚህም በቅርብ ያለ ምስክር አለ። በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ በተቀረጹት የሙላቱ አስታጥቄ የኢትዮ ጃዝ ሸክላዎች ላይ ዋዋ የሚባለው ፔዳል ይሰማል፤ ጊታሩ እንደ ሰው አፍ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ያ ድምፅ የአምስቱን ድምፆች ቅኝት አላጠፋም። እንዲያውም በዓለም ጆሮ ላይ እንዲታተም ረዳው። ሙላቱ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2008 በሃርቫርድ የራድክሊፍ ተቋም ባልደረባ በነበረበት ጊዜ የአገር ቤት የሙዚቃ መሣሪያዎችን ስለማዘመን ሠርቷል፤ ለአዲስ ዐይነት ክራር አሠራርም የኤም.አይ.ቲ. ባለሙያዎችን አማክሯል። እንግዲህ መሣሪያን ማሻሻል ባህልን መካድ ነው የሚል ሰው ከእንዚራ ጀምሮ መክሰስ ይኖርበታል።

ከዚህም ሌላ ፔዳሉ በሙያው ትክክለኛ ቦታ አለው። የቦክስ ጊታር ድምፅ የሚወለደው ከአውታሩ ብቻ አይደለም፤ በእንጨቱ ሣጥን ውስጥ ካለው አየር ነው። ጊታሩን ለብዙ ሕዝብ ለማሰማት ከድልድዩ ሥር የሚቀበረው ፒክአፕ ግን የአውታሩን ግፊት እንጂ የሣጥኑን ትንፋሽ አይሰማም። ስለዚህ ከድምፅ ማጉያው የሚወጣው ድምፅ ቀጭንና ደረቅ ይሆናል። በሜዳ ላይ ደግሞ ድምፅ የሚመልስ ግድግዳ የለም። በዚህ ጊዜ በልክ የተጨመረ ሪቨርብ ከጊታሩ የተወሰደበትን እስትንፋስ በከፊል ይመልሳል። ከማጉያው የሚወጣው ድምፅ ተመልሶ በጊታሩ ሆድ ውስጥ ገብቶ ሲያፏጭም የሚያፏጨውን ድምፅ ለይቶ የሚቀንስ መሣሪያ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ሕክምና ነው። ሕክምና ደግሞ በሽታውን አይቶ፣ መጠን ጠብቆ፣ ሲበቃ ያቆማል።

ስሕተቱ የሚጀምረው መድኃኒቱ ምግብ ሲሆን ነው።

ድምፅ በአየር ላይ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ 170 ሜትር የራቀ ገደል የጠሪውን ቃል ከአንድ ሰከንድ በኋላ ይመልሳል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መሐንዲሶች ይህንን ርቀት በማግኔት ክር ላይ ጠቀለሉት። በ1976 ቦስ የተባለው የጃፓን ኩባንያ አንዱን ድምፅ በጥቂቱ አዘግይቶና አወዛውዞ ከራሱ ጋር በመደባለቅ ብዙ ሰው የሚጫወት የሚያስመስለውን ፔዳል ለገበያ አቀረበ። የፔዳሉ ስም ኮረስ ነው፤ ኅብረ ዘማሪ ማለት ነው። በ1983 ገደሉ ራሱ በዲጂታል መልክ እግር ሥር ገባ። በ2001 ደግሞ የተጫወቱትን ለደቂቃዎች ይዞ የሚደጋግመው ሉፐር በወለል ላይ ተቀመጠ። የታሪኩ አካሄድ ግልጽ ነው፤ ገደሉ ቀስ በቀስ የሰውን ስም እየወሰደ፣ የሰውን ቦታ እየያዘ መጥቷል።

አሁን ተቀባይ ማን እንደሆነ ይጠየቅ። በጌዴኦም ሆነ በአብዛኛው የኢትዮጵያ ሕዝቦች ዘንድ የወል ዘፈን ሁለት ወገን አለው፤ አቀንቃኝና ተቀባይ። ተቀባይ የአቀንቃኙን ቃል የሚደግም ብቻ የሚመስለው ሰው ዘፈንን ከውጭ ያየ ሰው ነው። ተቀባይ ይጠብቃል፤ አቀንቃኙ ግጥም ሲያጥረው ያቆይለታል፤ ትንፋሽ ሲያጥረው ይሸፍንለታል፤ ጥሩ ግጥም ሲሰማ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ግጥሙ ሲያስጠላው ይቀዘቅዛል። ይህ የመጨረሻው ሥልጣን ታላቅ ሥልጣን ነው። ተቀባዩ የቀዘቀዘበት አቀንቃኝ ወይ ግጥሙን ያሻሽላል፣ ወይ ቦታውን ይለቃል። በዶርዜዎች ዘንድ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይልቃል፤ በብዙ ድምፅ የሚዜመው የዶርዜ ዘፈን ከኢትዮጵያ አልፎ የዓለምን የሙዚቃ ሊቃውንት ጆሮ የሳበው እያንዳንዱ ዘፋኝ የራሱን ድርሻ ይዞ ከሌላው ጋር ስለሚገጥም ነው።

ሣጥኑ ከዚህ ሁሉ የትኛውን ይችላል? አይጠብቅም፤ ጊዜውን የሚቆጥረው በራሱ ሰዓት ነው። አቀንቃኙ በስሜት ተነሥቶ ቃሉን ላርዝም ቢል ሣጥኑ ይቀድመዋል፤ ስለዚህ ሰውየው ለሣጥኑ መገዛትን ይማራል። አይቀዘቅዝም፤ መጥፎውንም ጥሩውንም ግጥም በእኩል ታማኝነት ይደግማል። ይህን ታማኝነት የሚወድ አርቲስት የገደል ማሚቶን ለምን እንደ ወደደ ራሱን ይመርምር።

ነገሩ በቅኝትም ይፈተናል። ግማሽ ድምፅ በሌለው በሜጀር ትዝታ ረጅም ኤኮ ሲለቀቅ ያለፈው ድምፅ ከሚመጣው ጋር ተዋሕዶ ይሰማል፤ ሁሉም ነገር ያማረ ይመስላል፤ የተሳሳተ ጣት እንኳ ይሸፈናል። ፔዳሉ ተወዳጅ የሆነው ባብዛኛው በዚህ ሽንገላው ነው። አንቺሆዬ ላይ ሲደርስ ግን ይጋለጣል። በአንቺሆዬ በግማሽ ድምፅ የሚጎራበቱ ድምፆች አሉ፤ አንዱ ገና ሳይሞት ሌላው ሲመጣበት ይጋጫሉ፤ የቅኝቱ ስል ጠርዝ ይዶለዱማል። ከዚህ የተነሣ ሁሉን ነገር በኤኮ የለመደ ተጫዋች ሳያውቀው ኤኮ ወደሚመቸው ቅኝት ያዘነብላል። አራት ቅኝት ያለው አገር በአንድ ፔዳል ምክንያት ወደ አንድ ቅኝት ቢጠብ ዘመናዊነት ሊባል ነውን?

ለባለ ቅኔ ደግሞ ከዚህ የሚከፋ ነገር አለ። በአማርኛ ቃል ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙ ይለወጣል፤ «ገና» ላልቶ ያልደረሰ ጊዜ ነው፣ ጠብቆ በዓል ነው፤ «ዋና» ላልቶ የውኃ ላይ ጥበብ ነው፣ ጠብቆ አለቃ ነው። ሰምና ወርቅ የሚቆመው ብዙውን ጊዜ በዚህች የዐይን ጥቅሻ በምታክል ልዩነት ላይ ነው። የጌዴኦ ሕዝብ ቋንቋ በሆነው በጌዴኡፋም የድምፅ መጥበቅና መርዘም ትርጉም ይለያል። በቃልና በቃል፣ በፊደልና በፊደል መካከል ያለችውን ዝምታ ኤኮ ሲሞላት የላላው ከጠበቀው አይለይም፤ ወርቁ ሰሙ ውስጥ ሰጥሞ ይቀራል። ሰሚውም «ድምፁ ደስ ይላል» ብሎ ይሄዳል። ምን እንደ ተባለ ግን አይናገርም፤ አልሰማምና።

የሁለተኛው ወገን ጠበቆች ሁለት መከራከሪያ ያቀርባሉ። የመጀመሪያው የውጭ አገር ምሳሌ ነው። የብሪታንያው ጊታሪስት ጆን ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቦክስ ጊታሩን በቴፕ ኤኮ በኩል አሳልፎ እስከ ዛሬ የሚደነቅ ሙዚቃ አልሠራምን? ኤድ ሺራን በ2015 በለንደኑ የዌምብሊ ስታዲየም አንድ ቦክስ ጊታርና አንድ ሉፐር ብቻ ይዞ ብቻውን አልቆመምን? ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱም ግን ለዚህ ክርክር አይመሰክሩም። እነርሱ የዘፈኑት ለአንድ ሰው የተሠራ የራሳቸውን ዘፈን ነው። በውስጡ ቦታ የነበረውን ሰው አላስወጡም። ማርቲን ኤኮውን ሁለተኛ ሰው ለማስመሰል አልተጠቀመበትም፤ ሌላ መሣሪያ አድርጎ ተጫወተበት። በዌምብሊ ደግሞ እውነተኛው ተቀባይ ሣጥኑ ሳይሆን አብሮ የሚዘፍነው ሕዝብ ነበር። የራሱን ድርሰት ብቻውን ተቀምጦ በፔዳል የሚጫወት የዲላ ወጣትም ቢኖር ይበል የሚያሰኝ ነው፤ ማንም ሊከለክለው አይገባም። ነቀፌታው የሚመለከተው የሁለት ወገን ዘፈን ወስዶ ለአንድ ሰውና ለአንድ ሣጥን የሚያከፋፍለውን፣ ከዚያም «የጌዴኦ ባህላዊ ዜማ» ብሎ የሚያቀርበውን ነው።

ሁለተኛው መከራከሪያ በግልጽ አይነገርም፤ በበጀት መዝገብ ላይ ነው ያለው። ለአሥራ ሁለት ሰው ቡድን መጓጓዣ፣ አበልና አልባሳት ያስፈልጋል። ሰው ይታመማል፤ ይጣላል፤ ያገባል፤ ልምምድ ያረፍዳል። አንድ ሰው ከነሣጥኑ ግን በአንድ ወንበር ይሄዳል። ይህ ስሌት በብዙ የባህል ሠራተኛ አእምሮ ውስጥ ሳያልፍ አይቀርም፤ ቁጥሩም ትክክል ነው። የተሳሳተው የተገዛውን ዕቃ መለየት ነው። የባህል ቡድን የሚላከው ድምፅ ለማሰማት ብቻ ቢሆን ኖሮ ካሴትም ይበቃ ነበር። የሚላከው ሰዎች አብረው እንዴት እንደሚተነፍሱ፣ አንዱ ለሌላው እንዴት እንደሚቆይ ለማሳየት ነው። ከወጪው ላይ ተቀባዮቹን የቀነሰ ሰው የቀነሰው ወጪ አይደለም፤ ቡድኑን ራሱን ነው።

የጌዴኦ ሕዝብ ለዚህ ትምህርት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ሶንጎ አለው፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገር የሚሰሙበትና የሚቆርጡበት ሸንጎ ነው። አንድ ሰው በሶንጎ መሐል ቆሞ የራሱን ቃል አሥር ጊዜ ቢደግም «አሥር ሰው ተናገረ» ተብሎ ይፈረዳልን? መድረኩም እንዲሁ ነው። ደግሞም የእርሻው ጥበብ አለ። በጌዴኦ ማሳ ረጃጅሙ ዛፍ ለእንሰቱ ጥላ ይሆናል፤ ከእንሰቱ ሥር ቡናውና ሌላው ቁጥቋጦ ይበቅላል። ይህ ከትውልድ ትውልድ የወረደ አሠራር ያለበት የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። ገበሬው ጥላውን አይጠላም፤ ያለ ጥላ ቡናው ይቃጠላል። ነገር ግን ጥላው ሲበዛ ቡናው እንደማያፈራ ስለሚያውቅ ቅርንጫፉን ይመለምላል። ሪቨርብና ኤኮ ጥላ ናቸው። ችግሩ ጥላውን ቡና ነው ብሎ ለገበያ ማውጣት ነው።

ለዚህ ጉዳይ ፍትሕ ሲባል አንድ ነገር ሳይሸፈን መነገር አለበት። ሰው መብዛቱ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ከቀበሌ እስከ ክፍለ ሀገር የተደራጁት የኪነት ቡድኖች ተቀባይ አላጡም ነበር፤ ብዙ ወጣት በእነርሱ በኩል ወደ ጥበብ ገብቷል። ይሁንና ብዙ ጊዜ አርባ ጉሮሮ የሚቀበለው ሌላ ቦታ ተጽፎ የመጣ መፈክር ነበር። መቀዝቀዝ ያልተፈቀደለት ተቀባይ ሥጋ የለበሰ ሉፐር ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ሰው ወይስ ማሽን?» የሚል ብቻ አይደለም። በዘፈኑ ውስጥ እንቢ ሊል የሚችል ሰው አለ ወይስ የለም? የሚለው ነው። የቀድሞውን የገደል ማሚቶ የተቸ ሰው የዛሬውን በብረት ሣጥን ስለመጣ ብቻ ሊያሞግሰው አይገባም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በየደረጃው ያሉ የባህል ኃላፊዎች ለቡድን ዕቃ ሲገዙ ከፔዳል በፊት ጥሩ ማይክሮፎን ለተቀባዮቹ ይግዙ፤ አሥር ሰው በአንድ ማይክሮፎን ፊት ተጨናንቆ አቀንቃኙ ብቻ በኤኮ ሲንሳፈፍ የሚታየው የድህነት ውጤት ብቻ አይደለም፣ የምርጫም ውጤት ነው። የድምፅ ባለሙያው በልምምድ ላይ ይገኝ፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ሽማግሌ ከአዳራሹ ኋላ ተቀምጦ ቃሉ ካልተሰማው «ቀንስ» የማለት ሥልጣን ይኑረው። መምህራን በትምህርት ቤት የሙዚቃ ክበብ ውስጥ ጊታርንም ክራርንም መጀመሪያ ያለ ኤሌክትሪክ ያስተምሩ፤ ጣቱ የጠራ ልጅ በኋላ ፔዳሉን ይገዛዋል እንጂ አይገዛለትም። የጌዴኦን የሥራ፣ የሐዘንና የደራሮ በዓል ዜማዎች ለመዝገብ የሚቀዱ ሰዎች ደግሞ ደረቁን ድምፅ ይቅዱ። ደረቅ ድምፅ በኋላ ያሻውን ይለብሳል፤ ኤኮ ተደባልቆበት የተቀዳ ድምፅ ግን ልብሱ እንደ ሸማ አይወልቅም። የዛሬ ሃምሳ ዓመት የሚሰማው ልጅ አያቶቹን መስማት ሲፈልግ ሣጥኑን ይሰማል።

በመጨረሻ ከሁሉ የሚቀለው ፈተና ይቅረብ። አብዛኛው ፔዳል የሚሠራው በ9 ቮልት ነው፤ ማጉያው ደግሞ በከተማው መብራት ነው። ዲላም ሆነች ሌላው የአገሩ ከተማ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ያውቃል። በዘፈኑ መካከል መብራት ይጥፋ እንበል። አሥሩ ሰው የነበረው አንድ ሰው በጨለማ ውስጥ ጊታር ታቅፎ ብቻውን ይቀራል፤ እግሩ ቢረግጥም መልስ የለም። ተቀባይ ያለው አቀንቃኝ ግን ሌላውን መሥመር ይጀምራል። ከጨለማው ውስጥ መልስ ይመጣል። ያ መልስ የራሱ ቃል አይደለም፤ የሌላ ሰው ነው።